ከጠፉት ድንቅ ሥራዎች የትኛው?
የተማሪዎችን የጥናት ጽሑፍ ርእስ ስለ መምረጥ

የታሪክ ትምህርት ዓላማ ያለፈውን ዘመን ሁኔታ ማሳወቅ ብቻ ሳይሆን፣ ያለፈው ነገር በምን ማስረጃ እንደሚታወቅ ማስገንዘብም ነው። ተማሪው በራሱ ጥረት የጥናት ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ የሚታዘዘውም ይህን ልማድ እንዲቀስም ነው። ይሁን እንጂ ርእሱ በጥንቃቄ ካልተመረጠ፣ የሚቀርበው ጽሑፍ ከአንድ መጽሐፍ ወደ ደብተር የተገለበጠ ጽሕፈት ሆኖ ይቀራል። ይህ ጉድለት ስለ ሰባቱ የጥንት ዓለም ድንቅ ሥራዎች በሚሰጠው ርእስ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ከሰባቱ መካከል እስከ ዛሬ ቆሞ የሚገኘው በጊዛ ያለው ታላቁ ፒራሚድ ብቻ ነው። የቀሩት ስድስቱ፣ ማለትም የባቢሎን ተንጠልጣይ የአትክልት ሥፍራ፣ የኤፌሶን የአርጤምስ ቤተ መቅደስ፣ የኦሊምፒያ የዜውስ ሐውልት፣ የሐሊካርናሶስ መካነ መቃብር፣ የሮድስ ግዙፍ ሐውልትና የእስክንድርያ የባሕር መብራት ግንብ ጠፍተዋል። መምህሩ «ከእነዚህ አንዱን መርጣችሁ ጻፉ» ብሎ ሲያዝ፣ አብዛኛው ተማሪ የሚመርጠው ሥዕሉ ያማረለትን ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ምርጫው በዝና ሳይሆን በማስረጃ መመራት አለበት የሚል ሐሳብ ያቀርባል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የባቢሎን ምሳሌ

ተማሪዎችን በብዛት የሚስበው የባቢሎን የአትክልት ሥፍራ ነው። ንጉሥ ናቡከደነፆር የተራራማ አገሯን ለምለም ለናፈቀች ሚስቱ አሠራላት የሚለው ትረካ ልብን ይማርካል። ነገር ግን ምስክሮቹ ሲመረመሩ ትረካው የቆመበት መሠረት ጠባብ ሆኖ ይገኛል። ናቡከደነፆር ስላሠራቸው ቅጥሮች፣ ቤተ መንግሥቶችና ቤተ መቅደሶች ብዙ አስጽፏል፤ ስለዚህ የአትክልት ሥፍራ ግን በጽሑፎቹ ውስጥ የተገኘ ነገር የለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ስለ ባቢሎን በሰፊው የጻፈው ሄሮዶቱስም የከተማይቱን ቅጥር እያደነቀ ሲገልጽ አትክልቱን አያነሣም። የባቢሎኑ ካህን ቤሮሱስ ነገሩን እንደጻፈ የሚታወቀውም መጽሐፉ ጠፍቶ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ዮሴፉስ በጠቀሰው ቃል ነው።

ከ1899 እስከ 1917 ዓ.ም. በባቢሎን ቁፋሮ ያካሄደው ጀርመናዊው ሮበርት ኮልደዌይ ቅስት ጣሪያ የነበረው ሕንፃ አግኝቶ፣ የአትክልቱ መሠረት ይህ ነው ብሎ ነበር። ሆኖም በዚያው ሕንፃ የተገኙት የሸክላ ጽላቶች ሲነበቡ የቀለብ መዝገብ ሆነው ተገኙ፤ ከተቀላቢዎቹም መካከል በመጽሐፍ ቅዱስ የሚታወቀው ምርኮኛው የይሁዳ ንጉሥ ዮአኪን ይገኛል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሊቃውንት ሕንፃውን ግምጃ ቤት አድርገው ይመለከቱታል። እንግሊዛዊቷ ሊቅ ስቴፋኒ ዳሊ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አትክልቱ የነበረው በነነዌ፣ ያሠራውም ሰናክሬም ነው የሚል ሐሳብ አቅርበዋል።

እንግዲህ ስለ አትክልቱ ስፋትና ስለ ዛፎቹ ዓይነት እንዲጽፍ የታዘዘ ጀማሪ ተማሪ፣ ያለ ማስረጃ የተነገረውን እንደ እውነት ከመድገም በቀር ምርጫ የለውም።

የእስክንድርያ ምሳሌ

የእስክንድርያው ግንብ ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። በፋሮስ ደሴት ላይ የተሠራው በ3ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲሆን፣ የተፈጸመውም በዳግማዊ በጥሊሞስ ዘመን ነው። ቁመቱ ከ100 ሜትር በላይ እንደነበረ ይገመታል። የታችኛው ክፍል አራት ማዕዘን፣ መካከለኛው ስምንት ማዕዘን፣ የላይኛው ክብ ነበር። በእስክንድርያ በተመቱ የሮማውያን ዘመን ገንዘቦች ላይ ምስሉ ይታያል። በ1166 ዓ.ም. ከአንዳሉስያ የመጣው አል በለዊ ግንቡን ለክቶ ጽፏል። ኢብን ባቱታ በ1326 ዓ.ም. ሲጎበኘው አንዱ ጎኑ ፈርሶ ነበር፤ በ1349 ዓ.ም. ሲመለስ ግን መግባትም ሆነ ወደ በሩ መውጣት የማይቻል ሆኖ አገኘው። በመካከለኛው ዘመን ተደጋግሞ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በተለይም የ1303ቱ፣ ለጥፋቱ ዋና ምክንያት ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሱልጣን ቃይትባይ በሥፍራው ምሽግ ሠራ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ዣን ኢቭ ኢምፐረር የመሯቸው ጠላቂዎች ከምሽጉ ሥር ባለው ባሕር በሺህ የሚቆጠሩ የሕንፃ ድንጋዮችንና የሐውልት ስባሪዎችን መዝግበዋል።

የዚህ ርእስ ጥቅም የማስረጃው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ምስክሮቹ የሚለያዩበት ነጥብም አለው። በግንቡ ላይ የክኒዶሱ ሶስትራቶስ ስም ተቀርጾ ነበር። ሮማዊው ፕሊኒ ሶስትራቶስን መሐንዲስ ይለዋል፤ ስትራቦን ግን የነገሥታት ወዳጅ ብሎ ይገልጸዋል። በ2ኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. የነበረው ሉክያኖስ ደግሞ ሶስትራቶስ ስሙን በድንጋይ ቀርጾ በልስን ከሸፈነ በኋላ፣ በልስኑ ላይ የንጉሡን ስም እንደጻፈ ይተርካል። ሰውየው ግንቡን የነደፈ ነውን ወይስ ሥራውን ያበረከተ ባለሟል? ይህን ጥያቄ ተማሪው ከአንድ መጽሐፍ ገልብጦ ሊመልሰው አይችልም፤ ቃላቸውን አነጻጽሮ የራሱን ፍርድ መስጠት ይኖርበታል።

የቅርቡ ልምምድ

ለዚህ ዓይነቱ ንጽጽር በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በዛሬይቱ ኤርትራ ከሚገኘው ከአዱሊስ ተስማሚ መለማመጃ ይገኛል። በ6ኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. መጀመሪያ የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፣ በአክሱም ንጉሥ በካሌብ ትእዛዝ፣ በዚያ የነበረ የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጧል። ድንጋዩ ዛሬ የለም፤ ቃሉ ግን በኮስማስ ግልባጭ ተርፏል። ኮስማስ የሣልሳዊ በጥሊሞስንና ስሙ ያልተጠቀሰ የአክሱም ንጉሥን ሁለት ልዩ ልዩ ጽሑፎች እንደ አንድ ቆጥሯቸዋል። ከዚህም ተማሪው፣ በትክክል የገለበጠ ምስክር የገለበጠውን በትክክል ተረድቷል ማለት እንዳልሆነ ይማራል።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት፣ ርእስ ከመጽደቁ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ቢቀርቡ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ነገሩን በዓይኑ አይቶ የጻፈ ሰው አለን? ሁለተኛ፣ ከአካሉ የቀረ ወይም በቁፋሮ የተገኘ ነገር አለን? ሦስተኛ፣ ተማሪው ሊዳኘው የሚችል የምስክሮች ልዩነት አለን? ለጀማሪዎች ሦስቱንም የሚያሟላው የእስክንድርያው ግንብ ይመረጣል። ባቢሎን ከነጭራሹ ይቅር ማለት ግን አይደለም፤ ልምድ ላላቸው ተማሪዎች «የአትክልት ሥፍራው በእርግጥ ነበረን?» በሚል ጥያቄ ቢሰጥ ብርቱ ርእስ ይሆናል።

የመጻሕፍት እጥረት ባለበት ትምህርት ቤት፣ ሠላሳ ተማሪዎችን ወደ አንድ መጽሐፍ መላክ መገልበጥን ማስተማር ነው። ስለዚህ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የአራት ወይም የአምስት ምስክሮችን ቃል በአማርኛ ተርጉመው፣ ዘመናቸውን በመግለጽ በአንድ ገጽ አባዝተው ቢያሠራጩ ችግሩ በእጅጉ ይቃለላል። መምህሩም ሲያርም ከጽሑፉ ርዝመት ይልቅ፣ ተማሪው ለእያንዳንዱ አባባሉ ምስክሩን መጥቀሱንና ምስክሩን ያመነበትን ምክንያት መግለጹን ቢመዝን ሥራው ዓላማውን ይመታል።