ማን ይቅደም? ከአርቺ እስከ ጎግል

በ1990 በሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የነበረው የባርቤዶስ ተወላጅ አለን ኤምቴጅ አርቺ የተባለ ፕሮግራም ሠራ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ድረ ገጽ የሚባለው ነገር ገና ለሕዝብ አልደረሰም ነበር። የአርቺ ሥራ በየተቋሙ ኮምፒውተር ላይ ለሁሉም ክፍት የሆኑ ፋይሎችን ስም ለቅሞ መመዝገብ ነው። ስሙን ያላወቀ ሰው የውስጡን ቁም ነገር አያገኘውም። የትኛው ይቅደም የሚለው ጥያቄ ግን ገና ማንንም አላስጨነቀም፤ የሚሰለፈው ጥቂት ነበርና።

ጭንቀቱ የመጣው ገጾቹ ሲበዙ ነው። በ1994 ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፋይሎ በስታንፎርድ ተማሪዎች ሳሉ ያሁን ሲጀምሩ ገጾችን እየመረጡ በየርዕሱ የሚመድቡት ሰዎች ነበሩ። የሰው ዓይን ያረፈበት ዝርዝር ዛሬም የሚያስመኝ ነገር አለው፤ ሆኖም በየቀኑ የሚወለደውን ገጽ አንብቦ የሚዘልቅ አልተገኘም። በዚያው ዓመት የብራያን ፒንከርተን ዌብክሮውለር የገጹን ሙሉ ጽሑፍ መፈለግ ቻለ። በ1995 መጨረሻ አልታቪስታ ይህንኑ በሰፊው ይዞ መጣ።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። መፈለጊያው ጥያቄ ሲቀርብለት ተነስቶ ዓለምን አይዞርም፤ ዙረቱን የጨረሰው አስቀድሞ ነው። አሳሽ ፕሮግራሙ ሊንክ እየተከተለ ከገጽ ወደ ገጽ ይሄዳል፣ ያገኘውንም ቅጂ ያመጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ቃል የራሱ መዝገብ ይከፈትለታል፤ «ጅማ» በሚለው ሥር ጅማን የጠቀሱ ገጾች፣ «ቡና» በሚለው ሥር ቡናን የጠቀሱት ይሰፍራሉ። አንድ ሰው «ጅማ ቡና» ብሎ ሲጽፍ ሁለቱ መዝገቦች ይመሳከሩና በሁለቱም ውስጥ ያሉት ይወጣሉ። ቃላቱም እኩል አይመዘኑም። እንግሊዛዊቷ ካረን ስፓርክ ጆንስ በ1972 እንዳሳየችው፣ በየጽሑፉ የሚገኝ ቃል አንዱን ገጽ ከሌላው አይለይም፤ «ነው» የሌለበት ገጽ የት አለ? ብርቅ የሆነው ቃል ግን ይለያል።

ችግሩ፣ ገጹ ስለ ራሱ የሚናገረውን ብቻ ማመን ነው። ባለ ድረ ገጾች ይህን ሲያውቁ ተፈላጊውን ቃል መቶ ጊዜ ይደጋግሙ፣ አንባቢ እንዳያየው በነጭ ላይ በነጭ ቀለም ይጽፉ ጀመር።

መፍትሔው ከሌላ ሙያ መጣ። ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 ባሳተመው የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫ ማን የማንን ጥናት እንደጠቀሰ መከታተል ተችሎ ነበር። በ1996፣ ኋላ የቻይናውን መፈለጊያ ባይዱን የመሠረተው ሮቢን ሊ በአንድ በኩል፣ ኋላ ጎግልን የመሠረቱት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በሌላ በኩል፣ ያንን አስተሳሰብ ወደ ሊንክ አመጡት። በሽምግልና ፊት ሰው ለራሱ እንደማይመሰክር ሁሉ፣ ስለ ገጹም ሌሎች ይናገሩ ማለት ነው። የፔጅና የብሪን ስሌት የምስክሩንም ክብደት ይመዝናል፦ ብዙዎች የጠቆሙት ገጽ በተራው ሲጠቁም ቃሉ ይከብዳል፤ ወደ አሥር ገጾች ከጠቆመ ግን ክብደቱ ለአሥር ይካፈላል። በእኔ እምነት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሐሳብ አልታየም።

ሁለቱ በ1998 ባወጡት ጽሑፍ 24 ሚሊዮን ገጾችን መዝግበው ነበር። በዚያው ጽሑፍ ላይ በማስታወቂያ ገቢ የሚኖር መፈለጊያ ወደ አስነጋሪው ማዘንበሉ እንደማይቀር አስጠንቅቀዋል። በ2000 ኩባንያቸው ጎግል የማስታወቂያ ሽያጩን አድዎርድስ ብሎ ከፈተ።

ሊንክ ዋጋ ሲያወጣ ሊንክ መሸጥ ሥራ ሆነ። ጎግል በ2011 ፓንዳ ባለው ማሻሻያ ከሌላ የተቀዱና ፍሬ ቢስ ገጾችን፣ በ2012 ፔንግዊን ባለው ደግሞ የተገዛ ሊንክን ወደ ታች ገፋ። ሕጉ በተቀየረ ቁጥር ትናንት በአንደኛው ገጽ የነበረ ንግድ ዛሬ ደንበኛ አጥቶ ያድራል፤ ፈላጊው አብዛኛውን ጊዜ ከላይኞቹ ጥቂት ውጤቶች አይወርድምና። የፊተኛው ቦታ ምን ያህል እንደሚያወጣ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ታይቷል፦ ጎግል በ2021 ብቻ በስልኮችና በብራውዘሮች ላይ ቀዳሚው መፈለጊያ ሆኖ ለመቀመጥ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ዳኛው አሚት ሜታ በኦገስት 2024 ኩባንያው የፍለጋውን ገበያ በሕገ ወጥ መንገድ በሞኖፖል ይዟል ሲሉ ፈረዱ።

አማርኛ ወደዚህ ሰልፍ የገባው ዘግይቶ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ መለያ፣ የተካተተው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በየፎንቱ የተጻፈው ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ይምሰል እንጂ በኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ስለነበር፣ በአማርኛ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ከዚያም በኋላ ፈተናው አላለቀም። «ፀሐይ»ን አንዱ «ጸሀይ»፣ ሌላው «ፀሀይ» ብሎ ይጽፈዋል፤ ፊደላቱን አንድ አድርጎ ለማይቆጥር መዝገብ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ከቤታችን» እና «ለቤቱ» ሁለቱም «ቤት» ሥር እንዲገቡም የአማርኛን እርባታ የሚያውቅ ፕሮግራም ይፈልጋል። ከ2024 ወዲህ ጎግል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያዘጋጀውን መልስ ከሊንኮቹ በላይ ማስቀመጡን አስፋፍቷል። ያም መልስ የሚቀዳው ከተመዘገበው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የአማርኛ መጽሔቶችና መሥሪያ ቤቶች ጽሑፋቸውን ፎቶ አንስተው መለጠፍ ትተው በፊደል ሊያስገቡት፣ ዋናውን ጉዳይም በርዕሱ ላይ ሊጠሩት ይገባል።