በማገዶ ምክንያት ልትቀር የነበረችው አዲስ አበባ

አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ዋና ከተማነቷ ሊቀር እንደነበር ታውቃላችሁ?

ዳግማዊ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በፊት የከተሙት እንጦጦ ተራራ ላይ ነው። ቦታው ጠላትን ለመከላከል ይመቻል፤ ብርዱ ግን አይቻልም፣ ውሃና እንጨትም ችግር ነበር። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደዱና በ1879 ዓ.ም. ከተራራው ሥር አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የደፉት ግን እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው።

ሰው ሲበዛ በዙሪያው ያለው ዛፍ ተቆርጦ አለቀ። ምኒልክም ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ከተማዋን ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆርጡትም መልሶ ያቆጠቁጣል።

ዛሬም በየካ በኩል ከጫካው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ስታዩ ይህን አስታውሱ፦ የብዙ ቤት ምጣድ የሚግለው በእነሱ ጀርባ ነው።