ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ሲገባ በወሎ ሰፈር ብዙም የሚለወጥ ነገር አይታይም። ሥጋ ቤቶቹ በዐቢይ ጾም እንደሚያደርጉት በራቸውን አይዘጉም። ብዙ ሰው ይህን ጾም የካህናትና የባልቴቶች አድርጎ ይቆጥረዋል። ግርግሩ የሚጀምረው ታኅሣሥ ከተጋመሰ በኋላ ነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው ኤግዚቢሽን ማዕከል የገና ባዛር ይከፈታል፤ ከየሱቁ ደጃፍ ቀይ ኮፍያና ብልጭልጭ ወረቀት ይንጠለጠላል፤ በየቡናው ላይ ስለ ዶሮና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ይወራል። በማኅበራችንም የብድር ጥያቄ የሚበዛው በዚሁ ሰሞን ነው። ለልጅ ትምህርት ወይም ለእንጀራ ንግድ ተብሎ በሳንቲም ከተጠራቀመው ላይ ስንቱ በአንድ ሌሊት ድስት ውስጥ እንደሚገባ እያንዳንዳችን እናውቃለን።

በጥቅምቱ ስብሰባችን ይህ ነገር ሲነሣ አንዲት እናት «ገናውን ከመቀነሳችን በፊት ገና ምን እንደሆነ እንወቅ» አሉ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ንግግር የመጣ ነው። ከአባሎቻችን መካከል ሙስሊሞችም ፕሮቴስታንቶችም አሉ፤ ስለ ኦርቶዶክሱ ጾም የምንጽፈው የሰፈራችን የዘመን አቆጣጠርና ማዕድ ከእርሱ ጋር ተሳስሮ ስለኖረ ነው።

ጾሙ ከሰባቱ የቤተ ክርስቲያን አጽዋማት አንዱ ነው። ነቢያት «ይወርዳል፣ ይወለዳል» እያሉ የጠበቁትን መጠበቅ ማለት ነውና ስሙም ከእነርሱ ተወሰደ። አርባው ቀን ሙሴ በሲና ተራራ የጾመውን ያስባል። እንደ ዘመኑ 43 ወይም 44 ቀን ይሆናል፤ በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚውል አንድ ቀን ያጥራል። ከአርባው በላይ ያሉት ሦስት ቀናት ግን የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ለእኛ ለሠራተኞች ሴቶች ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ደስ የሚለን ይህ ነው።

ነገሩ የሆነው በግብፅ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ይላል የቤተ ክርስቲያን ትውፊት። የካይሮው ገዥ ፓትርያርኩን አብርሃም ሶርያዊን «የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል እምነት ተራራ ታነሣለች ብሎ መጽሐፋችሁ የሚለው እውነት ከሆነ የሙቀጠምን ተራራ አንሡ» ብሎ ያዘዋል። ሕዝቡ ሦስት ቀን ይጾማል። ፓትርያርኩም እንስራ ተሸክሞ የሚያልፍ አንድ ዓይና ሰው እንዲፈልጉ ይነገራቸዋል። ሰውዬው ቆዳ የሚያለፋና ጫማ የሚሰፋው ስምዖን ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ለሽማግሌዎችና ለሕመምተኞች ውኃ እየቀዳ ያድላል፤ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። ተራራው የተነሣው በእርሱ ጸሎት እንደሆነ ይተረካል። እንግዲህ በሀገራችን ፋቂ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ እየተባለ የእጅ ሙያ ያለው ሰው ስንት ዘመን ሲናቅ እንደኖረ እናስብ። በየዓመቱ ከገና በፊት ሦስት ቀን የሚጾምበት ታሪክ መካከል የቆመው ግን ቆዳ ፋቂ፣ ያውም ውኃ ቀጂ ነው። ውኃ መቅዳት ደግሞ በእኛ ዘንድ የማን ሥራ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

በታኅሣሥ ውስጥ ሦስቱ እሑዶች ተከታትለው ይመጣሉ፦ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። የመጀመሪያው ስለ መምጣቱ የተሰበከውን፣ ሁለተኛው ብርሃኑን፣ ሦስተኛው እረኝነቱን ያስባል። ከነዚህ መሐል ታኅሣሥ 22 ቀን የሚውለው የብሥራት በዓል ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው። ገብርኤል ማርያምን ያበሠረበት ቀን መጋቢት 29 ቢሆንም ያ ቀን ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል በደስታ ለማክበር አይመችም። ስለዚህ ደቅስዮስ የተባለ ጳጳስ ከልደት ስምንት ቀን አስቀድሞ እንዲከበር ሥርዓት ሠራ ይላል ታምረ ማርያም። የታሪክ ሊቃውንት እንደሚሉት ይህ ደቅስዮስ በ667 እ.ኤ.አ. ያረፈው የስፔኑ የቶሌዶ ጳጳስ ኢልዴፎንሶ ነው። በዚያችው ከተማ በ656 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው ጉባኤ በዓሉን ወደ ዲሴምበር 18 አዛውሮታል፤ በቀድሞው አቆጣጠር ዲሴምበር 18 ማለት ታኅሣሥ 22 ነው። ቀኑ ሳይዛነፍ ከስፔን ላስታና ሸዋ ደረሰ። ታምረ ማርያም ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ በ14ኛው መቶ መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ ገደማ ነው። የልጃቸው የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ስም ደግሞ ስለ ልደት ከተጻፈው ከመጽሐፈ ሚላድ ጋር ይነሣል። ዛሬ እናቶቻችን በየወሩ በ29 የሚጠጡት የባለ ወልድ ጽዋም ይኸው ልደት በየወሩ ሲታሰብ ነው። ገና በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ይመስለናል እንጂ ወር በገባ ቁጥር በር ያንኳኳል።

በዓሉ ራሱ ጥንት የሚታወቀው በጨዋታው ነበር። የተቆለመመው ዱላ ገና፣ ጥንጓ ሩር ትባላለች፤ የአዲስ አበባ ሰው ጃን ሜዳ ላይ ይጫወት ነበር። በዚያን ቀን ሎሌ ጌታውን ቢመታው ጌታ አይቆጣም። አዲስ ልብስ ግን የሚቀመጠው ለጥምቀት ነው፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለው ተረትም ይህን ያስረዳል። ስለዚህ «ለገና አዲስ ካልለበስን» የሚሉን ልጆቻችን የአያቶቻቸውን ወግ ሳይሆን የሱቁን ወግ እየነገሩን ነው።

የሱቁ ወግ ወደ ሰፈራችን የመጣበት መንገድም ታሪክ አለው። ካዛንችስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ካሠሩበት «ካዜ ኢንቺስ» ከሚባለው ድርጅት ነው። በኋላም በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅና የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ ኮሚሽን ሲስፋፋ አካባቢው የውጭ አገር ሰው የሚበዛበት ሆነ። በአንድ ሰፈር ሁለት ገና ይከበር ጀመር፤ ታኅሣሥ 16 የፈረንጁ፣ ታኅሣሥ 29 የእኛ። በሁለቱ መካከል ያለው የ13 ቀን ልዩነት የዩልዮስና የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ልዩነት እንጂ የእምነት ልዩነት አይደለም። ዛፉም መብራቱም በዚህ መንገድ ገባ። ቀይ ለባሹን ሽማግሌ ዓለም ሁሉ እንዲያውቀው ያደረጉት ደግሞ ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡት የኮካ ኮላ ማስታወቂያዎች ናቸው። ፈረንጆቹም ቢሆኑ በጾሙ ወቅት የሚያበሩት ሻማ እንዲህ ያለ ታሪክ የለውም። በ1839 እ.ኤ.አ. በሃምቡርግ ከተማ ዮሐን ቪሸርን የተባለ ቄስ ደሀ ልጆችን በሚያሳድግበት ቤት ልጆቹ «ገና መቼ ነው?» እያሉ ሲያስቸግሩት በጋሪ እግር ላይ ሻማዎች ተክሎ በየቀኑ አንድ አንድ ያበራላቸው ነበር። ውድ ጌጥ አይደለም፤ ያገለገለ የጋሪ እግር ነው።

ስለ ገናና ስለ ወሎ ሲነሣ ግን ሳንጽፈው የማናልፈው አንድ ነገር አለ፤ ይህን ክፍል ደጋፊዎቻችን ቢያነቡት እንወዳለን። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም የተላከ ዘገባ አሳየ። ኮረም ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ዘጋቢው ማይክል ቡርክ፣ ፊልሙን ያነሣው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነበሩ። ዘገባውን ያየው ቦብ ጌልዶፍ ከሚጅ ዩር ጋር ታዋቂ ዘፋኞችን ሰብስቦ ለንደን ውስጥ አንድ ዘፈን ቀዳ። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» የሚል ነው። የተቀዳው እሑድ ኅዳር 16 ነበር። ጾመ ነቢያት በገባ በማግስቱ ማለት ነው።

ቀኑን ስንቆጥር ዝም አልን። ወሎ ገናን ያውቃል። ቅዱስ ላሊበላ በላስታ ዓለት ፈልፍሎ ያነጻቸው ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከኮረም ብዙም አይርቁም። እዚያ ታኅሣሥ 29 የጌታም የንጉሡም ልደት ነው፤ ካህናቱ በቤተ ማርያም ግማሾቹ ከላይ ገደሉ ጫፍ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ ይላሉ፤ የላዮቹ መላእክት፣ የታችኞቹ ሰዎች። ክርስትና ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባው በዒዛና ዘመን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ አውግስጢኖስ የተባለው መነኩሴ እንግሊዞችን ሊያስተምር ካንተርበሪ የደረሰው በ597 እ.ኤ.አ. ነው። በመጠለያው ከነበሩት ብዙዎቹ ደግሞ ሙስሊሞች ነበሩ፤ እነርሱም የኢሳን መወለድ ከቁርኣን ያውቁታል። በዘፈኑ ውስጥ ስለ በረዶ አለመኖር የሚነገረውም ቢሆን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር የታኅሣሥን ውርጭ የቀመሰ ሰው ፈገግ ያሰኘዋል።

ይህን የምንለው ለወቀሳ አይደለም። በዘፈኑ ገንዘብ እህልና መድኃኒት መጥቷል፤ ከእኛ መካከል የእርዳታ ስንዴ በልተው ያደጉ አሉ፤ ስንዴውን የላከው እጅ ይባረክ። የምንለው ሌላ ነው። ችግረኛን ገና መሆኑን የማያውቅ አድርጎ ማሰብ ቀላል ነው፤ ባለገንዘቡን ግን ማንም እንዲህ ብሎ አይጠይቀውም። የነቢያት ጾም ጥያቄውን ወደ ባለገንዘቡ ይመልሰዋል። የተራበ ሰው ጾም አይጠየቅም፤ የሚጾመው የሚተወው ነገር ያለው ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፦ እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ መጠለያ ያጣውን ወደ ቤት ማስገባት። በጾሙ ያልተበላው ነገር ከድሀው ጎን መገኘት አለበት። እኛ ዘንድ ግን ያልተበላው ተጠራቅሞ በገና ሌሊት እጥፍ ሆኖ ይበላል።

ወደ ሌሊቱ ከመጣን ደግሞ ከጾሙ ይልቅ የሚያሳስበን እርሱ ነው። የገና ማኅሌት የሚቆመው ዋዜማው ማታ ነው፤ ቅዳሴው የሚያልቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በዚያው ሰዓት ሴቲቱ የት ናት? ሽንኩርት ስታቁላላ፣ ዶሮውን ዐሥራ ሁለት ብልት ስታወጣ፣ ጠላውን ስታጠል፣ ድፎውን ስትገለብጥ። ባልና ልጆች ጧፍ ይዘው ቅዱስ ቂርቆስ ወይም ቅዱስ ኡራኤል ይሄዳሉ፤ እርሷ «እናንተ ጸልዩልኝ» ብላ ትቀራለች። የገናን መንፈስ መልሰን እናግኝ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚመልሰው ይህን ይሁን እንላለን፤ ስለ ዛፍና ስለ መብራት የሚደረገው ክርክር ከዚህ በኋላ ይመጣል። በቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ ለቁርባን የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት ቤተ ልሔም እንደሚባል ሁላችን እናውቃለን፤ የኅብስት ቤት ማለት ነው። ምግብ ማዘጋጀት ክቡር ሥራ መሆኑን ስሙ ይመሰክራል። ክቡር ስለሆነ ግን አንዷ ብቻ ትሥራው የሚል የትም አልተጻፈም።

አባላት በዚህ ላይ ተነጋግረን የተስማማንባቸው ነገሮች ቀላል ናቸው። ቅርጫውን ዘንድሮም በማኅበር እናርዳለን፤ መደቡ ግን ትንሽ ይሁን፣ ገንዘቡም ከኅዳር ጀምሮ በየሳምንቱ ይዋጣ እንጂ ከብድር አይወሰድ። ወንዶች ልጆቻችን ሽንኩርት ይላጡ። (ይህን ስናነሣ ሳቅ በዛ፤ አንዳንዶቹ ግን ጀምረዋል።) የበዓሉ ድስት ዋዜማው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት ይውረድ፤ ከዚያ በኋላ የፈለገች ቤተ ክርስቲያን ትሂድ፣ የፈለገች ትተኛ።

አንድ ሐሳብ ግን ሙስሊም እኅቶቻችን ያመጡት ነው፤ ከሁሉም የወደድነው እርሱን ነው። በገና ዕለት ማዕዳችን ሁለት ነው፤ ሥጋው የእስላምና የክርስቲያን ተብሎ ይለያል። ወሎም አዲስ አበባም በዚህ ተከባብሮ ኖሯል። በጾሙ ወቅት ግን ሽሮው አንድ ነው፣ ምስሩ አንድ ነው፣ ጎመኑ አንድ ነው፤ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ከአንድ ትሪ ይበላል። ታዲያ አብሮ ለመብላት ከገና ይልቅ ከገና በፊት ያለው ጊዜ ይሻላል ማለት ነው። በተለይ በ2017 ዓ.ም. ካዛንችስ ሲፈርስ ወደ ሩቅ የተዛወሩ ጎረቤቶች አሉን። እድራቸው ተበትኗል፤ በበዓሉ ቀን ታክሲ ከፍለው እንዳይመጡ የራሳቸው ቤት ይይዛቸዋል።

ስለዚህ ጾሙ ሳይወጣ፣ የኖላዊ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በማኅበራችን ግቢ የጾም ማዕድ ይኖራል። ከካዛንችስ የሄዱትን በስልክ የምትጠራ አንዲት አባል ከየቡድኑ ትመረጣለች፤ የመጓጓዣውን ገንዘብ ከማኅበሩ ሣጥን እንሸፍናለን። በዚያ ቀን በከተማችን የሚገኙ ደጋፊዎቻችንም ቢመጡ ቦታ አለ። ሽሮውንና እንጀራውን ማኅበሩ ያቀርባል፤ ስልጆና ተልባ የምትችል ታምጣ፤ ሰሃንና ብርጭቆ እያንዳንዳችን ከቤት እንይዛለን።