ፊደላችን ወደ ሊኑክስ ሲሻገር

ኮሬል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ዎርድፐርፌክት ኦፊስን ለሊኑክስ ሲያቀርብ እንደ አዲስ አልጻፈውም፤ ለዊንዶውስ የተሠራውን ዋይን በተሰኘ መሸጋገሪያ አሻገረው። በዚያው ዓመት ሰን የስታርኦፊስን ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ክፍት አደረገ።

ለእኛ ግን የፕሮግራሙ መሻገር ብቻውን አይበቃም ነበር። ፓወር ግዕዝን፣ ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉት የንግድ ሶፍትዌሮች ለፊደላችን የየራሳቸው የኮድ አመዳደብ ነበራቸው። ባለ 8 ቢቱ ሠንጠረዥ 256 ቦታ ብቻ ስላለው፣ ከ300 የሚበልጡት ሆሄያትና ምልክቶች ብዙ ጊዜ በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ተከፋፍለው በላቲን ፊደላት ቦታ ይቀመጡ ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሰነዱ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናል። እኔም በዲስኬት ይዤው የሄድኩት ጽሑፍ እንዲህ ሆኖብኝ ከታተመው ቅጂ ላይ እንደገና አስተይቤዋለሁ። (እዚሁ ጎንደር የኢያሱ ዘመን ብራና ያለ ማንም ፈቃድ ይነበባል!)

ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ስሪቱ ለኢትዮጵያ ፊደል የጋራ ቦታ ሰጠው። ዛሬ በሊብሬኦፊስ የምንጽፈው አማርኛ በሁለቱም ሥርዓቶች ላይ ይነበባል። በየቢሮው የተከማቹት የቆዩ ሰነዶች ግን በአሮጌው ኮድ እንደተጻፉ ናቸው። ወደ ሊኑክስ የሚሻገር ክፍል አስቀድሞ እነርሱን መለወጥ ይኖርበታል፤ ለዚህም እያንዳንዱ ሰነድ በየትኛው ሶፍትዌር፣ በየትኛው ስሪት እንደተጻፈ ማወቅ ግድ ነው።