ስንቅና እሳት፦ የደን ቃጠሎ ዘማቾች ድካምና ማዕድ



የደን ቃጠሎ ታሪካችን ዘወትር የሚለካው በሄክታር ነው። በ1992 ዓ.ም. የበጋ ወራት በባሌና በቦረና የተነሣው እሳት ከ100,000 ሄክታር በላይ ማቃጠሉ ተመዝግቧል። ወታደሩ፣ ተማሪውና የአካባቢው ነዋሪ መዝመታቸውም ይታወቃል። ዘማቹ ምን በልቶ፣ ምን ጠጥቶ እንደ ዋለ ግን እምብዛም አይነገርም። ዛሬ የማነሣው ይህንኑ ነው።

ያደግሁት መራዊ አካባቢ ነው። በበጋ የሣር መስክ ሲቀጣጠል እሪታ ይሰማል፤ ወንዱ ቅጠላማ ቅርንጫፍ ቆርጦ ይሮጣል፣ ሴቶች እንስራ አዝለው ይከተላሉ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሁሉም አስቀድሞ የሚጠይቀው ውሃ ነበር። በልጅነቴ ተራ ነገር መስሎኝ ያለፍሁት ይህ ትዕይንት ኋላ የታሪክ ጥያቄ ሆነብኝ።

የሥራውን ክብደት በቁጥር እንየው። በአሜሪካ የሞንታና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ ለኩት፣ አንድ የደን እሳት ተከላካይ በቀን በአማካይ ከ4,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ያወጣል፤ ከባድ በሆነ ቀን ከ6,000 የሚያልፍ አለ። በሰውነቱ የሚመላለሰው ውሃም በቀን 7 ሊትር ገደማ ነው። በዚያው አገር ለግንባር የሚሰለፍ ሰው 20 ኪሎ ግራም ገደማ ተሸክሞ 4.8 ኪሎ ሜትር በ45 ደቂቃ መጓዝ እንደሚችል አስቀድሞ ይፈተናል። የእኛ ገበሬ ፈታኝም መዝጋቢም የለውም፤ ጭስ ሲያይ ይነሣል።

ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንምጣ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የጓሳውን ሣርና የአስታውን ቁጥቋጦ እሳት በላው። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ከዚያ በፊትም ሆነ አብሮ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ገደል ላይ በእግሩ ወጥቶ የታገለው የአካባቢው ሰው ነው።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 20 ዋለ። ስለዚህ ቃጠሎው ሁዳዴ ላይ ወደቀ። ይህ ያጋጣሚ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሣሩ የሚደርቅበት የበጋ መጨረሻና 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት በየዓመቱ ይገናኛሉ። ጾመኛ የሆነ ገበሬ፣ ሥርዓቱን ሲጠብቅ፣ ከቀትር በኋላ እስኪደርስ አይቀምስም፤ ሲቀምስም ቅቤና ሥጋ የለበትም። በቅቤ የታሸ ጭኮ፣ ለእንዲህ ያለ ድካም ይስማማ የነበረው፣ ከማዕዱ ይወጣል። የሚቀረው በሶና ቆሎ ነው።

በሶ ግን የሚናቅ ስንቅ አይደለም። አይበላሽም፣ እሳት ሳይነድ ይዘጋጃል፣ ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ኪሎው የሚሰጠው ኃይል 3,500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ በመሆኑ፣ የቀኑን ድካም ለመተካት ከኪሎ በላይ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ በሶ ያለ ውሃ አይበላም። ለ100 ሰው በቀን 7 ሊትር ብናስብ 700 ሊትር ነው፤ ወንዙ ከገደሉ ሥር፣ እሳቱ ከገደሉ ላይ ሲሆን ይህ ሁሉ በሰው ትከሻና በጋማ ከብት ጀርባ ይወጣል። ውሃ ተሸካሚውም እንግዲህ የእሳቱ ዘማች ነው።

የቀድሞ ሠራዊታችንን ታሪክ የሚያውቅ ይህን አይስተውም። የዘመቻ ጽናት በጦርና በጋሻ ብቻ ሳይሆን በበሶ ከረጢትና ያንን ባዘጋጁት ሴቶች ድካም ላይ የተመሠረተ ነበር። በጦር ታሪክ ስንቅን እንቆጥራለን፤ በእሳት ታሪክ ግን ረስተነዋል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። ለቃጠሎ መከላከል ዕቅድ ሲወጣ፣ ከአካፋና ከዶማ ጎን ውሃና ስንቅ፣ የጾሙንም ወቅት ጨምሮ፣ ይታሰብ። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ የቃል ታሪክ ለመሰብሰብ ወደ ገጠር ስትወርዱ «ስንት ሄክታር ተቃጠለ?» ከማለታችሁ በፊት «ያን ቀን ማን ውሃ አመጣላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመላሹ ስም በመዝገብ ካልሰፈረ፣ ቀጣዩ እሳት ሲነሣ ዘማቹ እንደገና ተጠምቶ ይወጣል።