የሬዲዮ ሞገድ ሲደክም ረባሽ ድምፅን መቀነሻ መንገዶች

ኢንተርኔት በሌለበት ወይም በተቋረጠበት አካባቢ አጭር ሞገድ ከሩቅ አገር ዜና የሚደርስበት አንዱ መንገድ ነው። ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያሉት እነዚህ ሞገዶች፣ አየኖስፌር ከተባለው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል እየተንጸባረቁ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። ይህ ክፍል ከፀሐይ ጋር ስለሚለዋወጥ የሞገዱም ኃይል ከፍ ዝቅ ይላል።

ሞገዱ ሲደክም ጩኸቱ ለምን ይጨምራል?

አብዛኞቹ ሬዲዮዎች የማጉላት ኃይላቸውን በራሳቸው ያስተካክላሉ። ጣቢያው ሲደክም መቀበያው ማጉላቱን ይጨምራል፤ የሚያጎላው ግን የተናጋሪውን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ረባሹንም ጭምር ነው። ስለዚህ መፍትሔው ድምፁን ከፍ ማድረግ ሳይሆን፣ ጣቢያው ከረባሹ በልጦ ወደ ሬዲዮው እንዲገባ ማድረግ ነው።

ረባሹን ማራቅ

የስልክ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር የተለመዱ የጩኸት ምንጮች ናቸው። ሬዲዮውን ከመብራት ነቅሎ በባትሪ ድንጋይ ማስሠራት፣ ከዚያም ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያጠፉ ማዳመጥ ጥፋተኛውን ይለያል። የቆርቆሮ ጣሪያና ግድግዳ ሞገድን ስለሚከልሉ ሬዲዮውን ወደ መስኮት ማስጠጋት ይረዳል።

አንቴናን ማሻሻል

ከ5 እስከ 10 ሜትር የሚደርስ በፕላስቲክ የተሸፈነ ሽቦ በመስኮት አውጥቶ ከዛፍ ወይም ከእንጨት ምሰሶ ላይ መወጠር፣ የተላጠውን ጫፉንም ከሬዲዮው አንቴና ጋር ማያያዝ ይቻላል። ሽቦው ከኤሌክትሪክ መስመር ፈጽሞ መራቅ አለበት፤ መብረቅ ሊመጣ ሲል ደግሞ አስቀድሞ ይነቀላል።

ሞገድ መቀየር

አንድ ዝግጅት ብዙ ጊዜ በተለያዩ ሞገዶች ይተላለፋል። በአጠቃላይ ቀን በ16 እና በ19 ሜትር ባንድ፣ ሌሊት በ31፣ በ41 እና በ49 ሜትር ባንድ የሚተላለፈው በተሻለ ይሰማል።

መካከለኛ ሞገድ እና ኤፍ ኤም

የመካከለኛ ሞገድ አንቴና አብዛኛውን ጊዜ በሬዲዮው ውስጥ ስለሆነ፣ ጣቢያው ጎልቶ እስኪሰማ ሬዲዮውን ራሱን ማዞር ይጠቅማል። በኤፍ ኤም ደግሞ ከስቴሪዮ ወደ ሞኖ መቀየር ሿ የሚለውን ድምፅ በእጅጉ ይቀንሳል።

በፀሐይ ላይ ኃይለኛ ፍንዳታ ሲከሰት ግን ቀን በሆነበት የምድር ክፍል አጭር ሞገድ ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ጥፋቱ የሬዲዮው አይደለም፤ መፍትሔውም መጠበቅ ብቻ ነው።