ቤት ሽጦ ቤት ስለ መግዛትና ስለ ጠበቃ ዋጋ



ቤቱን ሸጦ ጥቂት ዘመን በኪራይ ከቆየ በኋላ ሌላ ቤት የሚገዛ ሰው ለሕግ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንድ ጊዜ ስለ ሸጠው፥ አንድ ጊዜም ስለ ገዛው። ይህ ወጪ ከወዴት እንደ መጣ ለመረዳት የእንግሊዝን አገር ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ስለዚያ አገር የምንጠራቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር በቀድሞ ዘመን የቤት ባለቤትነት የሚታወቀው ከእጅ ወደ እጅ በተላለፉ አሮጌ ሰነዶች ነበር። ሻጩ ሰነዶቹን ያቀርባል፤ የገዥውም ጠበቃ ቤቱ ከማን ለማን እንደ ተላለፈ ወደ ኋላ እየቈጠረ ይመረምራል። ምርመራው በልማድ 60 ዓመት ወደ ኋላ ይሄድ ነበር፤ በ1874 በወጣው ሕግ ወደ 40፥ በ1925 ወደ 30፥ በ1969 ደግሞ ወደ 15 ዓመት ዝቅ አለ። ቤቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ገና የተሸጠ እንደ ሆነ ግን፥ አዲሱ ገዥ የፊተኛውን ጠበቃ ምርመራ አምኖ አይቀበልምና ያው ድካም ከመጀመሪያው ይደገማል፤ ዋጋውም አብሮ ይደገማል።

ይህንም ሰነድ በዋጋ የማዘጋጀት ሥራ በ1804 የወጣው ሕግ ለሕግ ባለሙያዎች ብቻ ለይቶ ሰጣቸው። በ1882 የወጣው ደንብ ደግሞ አበላቸውን በቤቱ ዋጋ መጠን ወሰነው። ስለዚህ የጠበቃው ድካም ብዙም ይሁን ጥቂት፥ ቤቱ ውድ ከሆነ አበሉ ከፍ ይል ነበር።

ለዚህ መድኃኒት ይሆን ዘንድ በ1862 የመንግሥት የርስት መዝገብ ተቋቋመ። ነገር ግን መመዝገብ በባለቤቱ ፈቃድ ስለ ነበረ የመጣው ሰው ጥቂት ነው። በ1897 የወጣው ሕግ በለንደን ግዴታ እንዲሆን መንገድ ከፈተ፤ ግዴታው እንግሊዝንና ዌልስን በሙሉ ያዳረሰው ግን በ1990 ነው። በመዝገብ የገባ ቤት ሲሸጥ የአሮጌ ሰነድ ክምር መመርመር ይቀራል፤ ለመዝገቡም እውነተኛነት መንግሥት ዋስ ነው። በቤቱ ዋጋ መጠን ይቈረጥ የነበረው አበል በ1972 ደንብ ተሻረ፤ በ1985 የወጣውም ሕግ ፈቃድ ያላቸው ሌሎች ባለሙያዎች በሥራው እንዲገቡ አደረገ።

በእኛም አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ በሰፊው ደንግጎ ነበር፤ ይሁን እንጂ የመዝገቡን ድንጋጌዎች ራሱ ሕጉ ለሌላ ጊዜ አቆያቸው። የከተማ ቦታ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ ሻጭና ገዥ የሚያወጡት ወጪ ብዙው ከመዝገብ ጉድለት የሚመጣ መሆኑን ነው። መዝገብ ቤት የተቀመጠ ጸሐፊ አንዲት መስመር አጣርቶ በጻፈ ጊዜ፥ ስማቸውን ከማያውቃቸው ሰዎች ላይ ሸክም ያቃልላል፤ አሳስቶ የጻፈ እንደ ሆነ ግን ዕዳውን የሚከፍለው ከዓመታት በኋላ ቤቱን የሚገዛው ሰው ነው።